ቦይለሩ ሲያፈስ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ሶፍት አንሱ

ጥር 9 ማታ ነው። ነገ ከተራ። ቤታችን ከደባርቅና ከመተማ በመጡ ዘመዶች ጢም ብሏል። ሳሎን ፍራሽ ተነጥፏል፣ ጠላው ደርሷል፣ እናቴ ደግሞ «ሁሉም ታጥቦ፣ ነጭ በነጭ ለብሶ ነው ታቦት የሚያጅበው» ብላ ሻወር ቤቱን በተራ አድርጋዋለች። ሦስተኛው እንግዳ ገባና ወዲያው ፎጣውን እንዳገለደመ ተመልሶ ወጣ። «ወለሉ ውሃ ሆኗል፤ ከላይ ነው የሚወርደው» አለ። ገብቼ ቀና ስል ባለ 50 ሊትሩ ቦይለራችን ከሆዱ ስር ጠብ ጠብ ይላል።

ያደረግኩትን ልንገራችሁና እንዳትደግሙት። ወንበር ላይ ወጣሁ፣ ፌስታል ጠቀለልኩበት፣ በሲባጎ ጠፍንጌ አሰርኩት። መብራቱን አላጠፋሁም። እግሬ እርጥብ ነው፣ እጄ እርጥብ ነው፣ አናቴ ላይ 220 ቮልት ተሰክቷል። ዛሬ ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል።

ደግነቱ እናቴ ከእኔ ትሻላለች። ጎረቤታችንን፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቧንቧ ሥራ ያሳለፉ ሽማግሌ፣ አስጠራች። ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋቢያቸውን እንደለበሱ ገቡና መጀመሪያ ብሬከሩን አወረዱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ውሃው ከየት ነው የሚመጣው የኔ ልጅ?»

«ከላይ ነው ጋሼ።»

«ከላይማ ዝናብም ይመጣል። ከየትኛው ቦታ ነው ያልኩህ?»

መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚያ ጥያቄ ነው። ቦይለር ሲያፈስ አብዛኞቻችን ወይ «በቃ ተበላሸ» ብለን አዲስ ልንገዛ እንሮጣለን፣ ወይ ያገኘነውን ብሎን ሁሉ እናጠብቃለን። ግን ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚያፈስበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ውሃ ከላይ ካለ መጋጠሚያ ይወጣል፣ በቆርቆሮው ላይ ተንሸራቶ ይሄዳል፣ ዝቅተኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። እኛ የምናየው የወደቀበትን ነው።

የማወራው ስለ ኤሌክትሪክ ቦይለር ነው፤ ያ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ ከ30 እስከ 100 ሊትር የሚይዘው። የፀሐይ ማሞቂያ ሌላ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ መብራት፣ ቀጥሎ ውሃ

ጠብታ ስታዩ ቦይለሩን አትንኩት። ወደ ቆጣሪው ወይም ወደ ብሬከር ሳጥኑ ሂዱና የቦይለሩን ብሬከር አውርዱ። የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ዋናውን አውርዱ፤ ለአሥር ደቂቃ በሻማ መቀመጥ ለጎንደር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሻወር ቤቱ በር ላይ ያለችውን ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ አጥፍታችሁ አትመኑ። አንዳንድ ቤት መስመሩ ተገላብጦ ስለተገጠመ፣ ማጥፊያው ኑትራሉን (መመለሻውን ሽቦ) ቆርጦ ፌዙን (የሚነዝረውን ሽቦ) እዚያው ቦይለሩ ላይ ይተወዋል። መብራቷ ጠፍታለች፣ ሽቦው ግን ይነዝራል።

ሶኬት ላይ የተሰካ ከሆነና ሶኬቱ አጠገብ ውሃ ካለ፣ ብሬከሩ ሳይወርድ አትንቀሉት። ጫማ አድርጉ። ቧንቧ ስትነኩ ወይም ከሻወሩ ስር ስትቆሙ ትንሽ እንኳ የመነዘር ስሜት ተሰምቷችሁ የሚያውቅ ከሆነ፣ ይህን መመሪያ እዚህ ላይ አቁሙና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ። ቧንቧ ሠራተኛ አላልኩም፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው ያልኩት። የቤቱ ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው መከላከያ ሽቦ) አለመሥራቱን ወይም የማሞቂያው ብረት መቀደዱን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ከመብራቱ ቀጥሎ ውሃው። ወደ ቦይለሩ የሚገባው መስመር ላይ፣ ሰማያዊ ምልክት ያለበት በኩል፣ መዝጊያ መኖር አለበት። ቧንቧ ሠራተኞች ሳራቺኒስካ የሚሉት ነው። ወደ ቀኝ አዙራችሁ ዝጉት። ከሌለ ወይም ከዛገና አልዞር ካለ በጉልበት አትጠምዝዙት፤ አንገቱ ከተሰበረ ሻወር ቤቱ የአፄ ፋሲል መዋኛ ይሆናል። ይልቅ የቤቱን ዋና መዝጊያ፣ ወይም ሮቶ ካላችሁ ከሮቶው የሚወርደውን ዝጉ። በነገራችን ላይ ጤነኛ ቦይለር ያላችሁም ሰዎች ዛሬ ማታ ሄዳችሁ ያቺ መዝጊያ መዞር አለመዞሯን ብታዩ ጥሩ ነው። በዓመት አንዴ ያልተነካ መዝጊያ በተፈለገ ቀን አይዞርም።

ከየት ነው? የሶፍት ምርመራ

ጋሼ ከኪሳቸው ያወጡት የመጀመሪያ መሣሪያ ካቻቢቴ አልነበረም። «ሶፍት አምጣ» አሉኝ።

ቦይለሩን በሙሉ በጨርቅ አድርቁት፤ ቱቦዎቹን፣ ሆዱን፣ ስሩን፣ ከጀርባው እጃችሁ እስከደረሰ ድረስ ግድግዳውንም። ከዚያ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንድ አንድ ቁራጭ ሶፍት ጠምጥሙ፦ ቀዝቃዛው የሚገባበት ላይ፣ ሙቁ የሚወጣበት ላይ፣ ሴፍቲ ቫልቩ (ግፊት የምታስተነፍሰው ዕቃ) አፍ ላይ፣ ከስር ያለው የፕላስቲክ ክዳን ጠርዝ ላይ። መብራቱ እንደጠፋ ውሃውን ብቻ መልሳችሁ ክፈቱና ጠብቁ። አሥር ደቂቃ ሊበቃ ይችላል፣ አንዳንዴ ሰዓት ይፈጃል። ሶፍት ትንሽዋን እርጥበት ወዲያው ያሳያል። ቀድሞ የራሰው ሶፍት ያለበት ቦታ የችግሩ ቦታ ነው። ከላይ ያለው ከራሰ ከስር ያለውም መራሱ አይቀርም፣ ስለዚህ ሁሌም ከሁሉም በላይ የራሰውን እመኑ።

ምንም ካልራሰስ? ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ውሃው የሚወጣው ሲሞቅ ብቻ ነው፤ ያ ወደ ሴፍቲ ቫልቩ ይወስደናል። ሁለተኛው፣ ከነጭራሹ ቦይለሩ አይደለም። የጣሪያው ሮቶ ሞልቶ ፈሶ በግድግዳው ሲወርድ ቦይለሩ የሚታማበት ቤት ብዙ ነው። በጥርና በየካቲት ማለዳ ቀዝቃዛ ቧንቧ ላይ የሻወሩ እንፋሎት ውሃ ሆኖ ይይዝና ይንጠባጠባል፤ እሱም ፍሳሽ አይደለም።

ምን ያህል እንደሚያፈስም ለኩ። ከስሩ ባልዲ አስቀምጡና ጠዋት እዩት። በሰከንድ አንድ ጠብታ በቀን ከ4 ሊትር በላይ ይሆናል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

ሴፍቲ ቫልቩ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

ቀዝቃዛው ውሃ ከሚገባበት አፍ ላይ የተገጠመች፣ ትንሽ እጀታና ወደ ታች የዞረች ቀጭን አፍ ያላት የነሐስ ዕቃ አለች። ሴፍቲ ቫልቭ እሷ ናት። ሁለት ሥራ አላት። አንደኛ፣ የገባው ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ትይዛለች። ሁለተኛ፣ ውስጥ ያለው ግፊት ከልክ ሲያልፍ ትተነፍሳለች። ልኩ ብዙዎቹ ላይ 8 ባር ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፤ ገላዋ ላይ ተጽፏል፣ አንዳንዷ ላይ 0.8 ሜጋፓስካል ተብሎ።

አሁን አስተውሉ። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 70 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 1 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ወደ ኋላ መመለሻ የለውም፣ ቧንቧው ተዘግቷል፣ ስለዚህ ትርፉ በሴፍቲ ቫልቩ ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። ይህ ጤና ነው። ቦይለሩ እየሞቀ ሳለ ብቻ የሚንጠባጠብ፣ ሞቆ ሲያልቅ የሚያቆም ከሆነ ምንም አትንኩ። ቀጭን ላስቲክ ቱቦ አፉ ላይ አስገቡና ወደ ወለሉ ፍሳሽ ወይም ወደ ጀሪካን አውርዱት። ቱቦው ቁልቁል ይውረድ፣ ጫፉ ክፍት ይሁን።

አሁን ድምፄን ከፍ ላድርግ። ያንን አፍ እንዳትደፍኑት! በቡሽ አይሆንም፣ በእንጨት አይሆንም፣ በብሎን አይሆንም። አንድ የማውቀው ሰው «ቤቴን አበላሸብኝ» ብሎ የተጠረበ እንጨት ወትፎበት ለወራት ኖሯል። ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ መብራቱን የሚቆርጠው) ደህና ስለነበር ብቻ ነው የተረፈው። ቴርሞስታት ተጣብቆ ማሞቅ ካላቆመና መተንፈሻው ከተደፈነ፣ ጋኑ፣ ማለትም ውሃውን የያዘው የውስጡ በርሜል፣ እንደ ቦምብ ነው የሚሆነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። በጋን ውስጥ ግን ውሃው ታፍኖ ከዚያም በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ጋኑ የተቀደደ ቀን ያ ሁሉ ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል። ሙቁን ቧንቧ ስትከፍቱ እየተፋ እንፋሎት ካወጣ ብሬከሩን አውርዱ፣ ከክፍሉ ውጡ፣ በራሱ ይቀዝቅዝ።

ቀዝቅዞም ሳለ ሌት ተቀን የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ከሁለት አንዱ ነው።

ቆሻሻ ይዟት ሊሆን ይችላል። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ድፍርስ ነው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከመቀመጫው ላይ ካረፈች ቫልቩ አይገጥምም። ውሃው መቀዝቀዙን አረጋግጡ፣ እጀታዋን አንሱ፣ ለጥቂት ሰከንድ ውሃው በኃይል ይውጣ፣ ልቀቁ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል። ካልቆመ ቀይሯት። ትንሽ ዕቃ ናት፣ ከቦይለሩ ጋር ስትወዳደር ዋጋዋ ምንም አይደለም፣ እና ተፈትታ የምትጠገን አይደለችም።

ወይም የመስመሩ ግፊት ከፍተኛ ነው። ከተማችን ተዳፋት ናት። ውሃ በየ10 ሜትር ቁልቁለቱ 1 ባር ያህል ግፊት ይጨምራል፤ ስለዚህ ቆላው በኩል ያለ ቤት ዳገቱ ላይ ካለው ጎረቤቱ ብዙ የበለጠ ግፊት ሊያገኝ ይችላል። ሌሊት ደግሞ ሁሉም ቧንቧውን ዘግቶ ሲተኛ ግፊቱ ይወጣል። ቀን ደህና ውሎ ሌሊት ሌሊት የሚንጠባጠብ ከሆነ ይህን ጠርጥሩ። ግፊት መቀነሻ የሚባል ዕቃ አለ፣ መግጠም ይቻላል። ለእኛ አገር የሚቀለው ግን ሌላ ነው፤ መስመሩ ሮቶውን ይሙላ፣ ቦይለሩ ከሮቶው ይጠጣ። 6 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.6 ባር ብቻ ነው። ሻወሩ ትንሽ ይለሰልሳል እንጂ ቦይለሩ ዕድሜ ያገኛል።

መጋጠሚያዎቹ

የእኔ ችግር እዚህ ነበር። ሴፍቲ ቫልቩ ላይ ሳይሆን ሙቁ መውጫ ላይ ባለው ፍሌክሲብል (ተጣጣፊ) ቱቦ፣ ነቱ ውስጥ ያለችው ጎሚኒ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) ከሙቀት ብዛት ደርቃ ተሰነጣጥቃለች። ውሃው በቱቦው ዙሪያ ወጣ፣ በቆርቆሮው ስር ለስር ሄደ፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ወደቀ። እኔ ፌስታል የጠቀለልኩት በሌላኛው ጫፍ ላይ ነበር።

መጀመሪያ ትንሽ ማጥበቅ ሞክሩ። ትንሽ ማለት ሩብ ዙር። አንዱ ቁልፍ የቦይለሩን አንገት ይያዝ፣ ሌላው ነቱን ያዙር፤ አንገቱን ሳትይዙ ካዞራችሁ ከጋኑ ጋር የተበየደበትን ታላላላችሁና የአንድ ጎሚኒ ችግር የጋን ችግር ይሆናል። ካልቆመ ውሃውን ዝጉ፣ ሙቁን ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን አስተንፍሱ፣ ነቱን ፍቱና ጎሚኒዋን ቀይሩ። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን (ቀጭኑ ነጭ ቴፕ) የሚጠመጠምበት መጋጠሚያ ከሆነ አሮጌውን ልጣችሁ አጽዱና አዲሱን ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ አሥር ዙር ያህል ጠምጥሙ። ጎሚኒ ባለበት ቦታ ቴፍሎን አያስፈልግም፤ ጥርሱ ላይ መጠምጠሙ ይልቁንም ጎሚኒዋ በደንብ እንዳትጫን ያደርጋል።

ፍሌክሲብሉ ራሱ፣ ውጪው የተጠለፈው ሽቦ ዝጎ ወይም ተበጥሶ ካያችሁት፣ አትለፉበት። ቀይሩት። ግማሽ ኢንች ነው በአብዛኛው፣ ግን አሮጌውን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። ይህ ለሁሉም ዕቃ ይሠራል። «ለቦይለር የሚሆን ጎማ ስጠኝ» ብላችሁ ፒያሳ ብትወርዱ ሦስት ጊዜ ትመላለሳላችሁ።

ውሃውን ማውረድ

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ጋኑ ባዶ እንዲሆን ይፈልጋል። መብራቱ ጠፍቷል፣ መግቢያው ተዘግቷል። ሙቁን ቧንቧ ከፍታችሁ የቀረውን ግፊት አስወጡና ክፍት ተዉት፤ አየር የሚገባው በእሱ ነው። ሴፍቲ ቫልቩ አፍ ላይ ቱቦ አስገቡ፣ ጫፉን ባልዲ ውስጥ አድርጉ፣ እጀታዋን አንስታችሁ በሲባጎ ወይም በሽቦ አስሩልኝ። ውሃው ይወርዳል። ቀስ ብሎ ነው፤ ባለ 50 ሊትሩ ግማሽ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። ካልወረደ አየር አልገባም ማለት ነው፣ የሙቁን መስመር ነት አላሉት።

ያልቀዘቀዘ ውሃ እንዳታወርዱ። ማታ አጥፍታችሁ ጠዋት ብትሠሩት ይሻላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፤ ይህች ግን ብትፈስ የምታቃጥል ናት። የሚወርደውን ውሃ አትድፉት፤ ጀሪካን ደርድሩና ለልብስ አጠባ ይሁን። እናቴ ይህን ብረሳ ይቅር አትለኝም።

ከክዳኑ ስር ሲሆን

ከስር ያለው የፕላስቲክ ክዳን ጠርዝ ላይ ያለው ሶፍት ከራሰ፣ ክዳኑ ውስጥ ውሃና መብራት አንድ ላይ ናቸው። እዚህ ላይ ልብ ግዙ። ብሬከሩ ወርዶም ቢሆን ክዳኑን ከፈታችሁ በኋላ በቴስተር ሁሉንም ጫፎች ሞክሩ። ቴስተሩን ራሱን መጀመሪያ መብራት ያለበት ሶኬት ላይ ሞክሩት፤ የተበላሸ ቴስተር ሁልጊዜ «ደህና ነው» ይላችኋል።

በስልካችሁ የሽቦዎቹን አቀማመጥ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ሽቦዎቹን ፍቱ፣ ቴርሞስታቱን ወደ ታች ስባችሁ አውጡ። አሁን ክብ ወይም ሞላላ የብረት ሳህን ታያላችሁ፣ ፍላንጅ ነው የሚባለው። የማሞቂያው ብረት፣ ኤለመንቱ፣ እሱ ላይ ነው የተተከለው። በሳህኑና በጋኑ መሀል ያለው ጎማ ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው። ብሎኖቹን ፈትታችሁ ሳህኑን አውጡት፤ አንዳንዱ ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ወደ ውስጥ ገፋ ተደርጎ ዘወር ሲል ነው የሚለቅ። የቀረ ውሃና ጭቃ ፊታችሁ ላይ ይመጣል፤ ከስሩ ሰፊ ሳፋ ይኑር፣ አፋችሁን ዝጉ። ይህን ከልምድ ነው የምናገረው።

ውስጡን ስታዩ ትደነግጣላችሁ። የተሰበረ ሸክላ የመሰለ ነጭ ቅርፊት፣ ቡናማ ደለል፣ አንዳንዴ እፍኝ አንዳንዴ ሳህን ሙሉ። በእጃችሁ ዛቁት። ኤለመንቱ ላይ የተጋገረውን በመዶሻ አትቀጥቅጡት፤ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉትና ይለቅላችኋል። የኤለመንቱ ቆዳ ከተሰነጠቀ ወይም ካበጠ አይታጠብም፣ ይቀየራል። ሻወር ስር ሰው የሚነዝረው እሱ ነው።

ሌላ ዘንግ ደግሞ ታያላችሁ፣ ሻካራና የተበላ። ማግኒዥየም ነው። ሥራው መበላት ነው፤ ዝገቱ ጋኑን እንዳይበላ እሱ ይበላለታል። ቀጥኖ መሀሉ ያለው ሽቦ ከታየ ጊዜው አልፏል፣ ለውጡት። እኔ እስከዚያ ዓመት ድረስ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር፤ ጋኖቻችን ቶሎ ቶሎ የሚበሱበት አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል።

አዲሱን ጎማ ከመግጠማችሁ በፊት የሚያርፍበትን ቦታ ሁለቱንም በኩል በጨርቅ አጽዱ። ሲሊኮን አትቀቡበት፤ ጎማውን ያንሸራትተዋል እንጂ አይጠቅመውም። ብሎኖቹን እንደ መኪና ጎማ ብሎን ተሻጋሪ ተሻጋሪውን እያያችሁ ቀስ በቀስ አጥብቁ። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ሳህኑን ያጣምመዋል።

ጋኑ ራሱ ሲበሳ

ሶፍቱ የትም መጋጠሚያ ላይ አልራሰም፣ ጎማውም አዲስ ነው፣ ግን በውጪው ቆርቆሮ ስፌት ወይም በክዳኑ ዙሪያ ከስፖንጁ ውስጥ ውሃ ይወጣል። የሙቁ ቧንቧ ውሃም ቡናማ ሆኗል። ያኔ የውስጡ ጋን በዝገት ተበስቷል።

አውቃለሁ፣ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ብየዳ ቤት ነው። እኛ ከበር እስከ ምጣድ ማሰሻ የማናስበይደው ነገር የለም። ቦይለር ግን አታስበይዱ። የጋኑ ውስጥ በመስታወት መሰል ቅብ የተለበጠ ነው፤ የብየዳው ሙቀት ቅቡን ይሰነጥቀዋል፣ ዝገቱ ከጎኑ በአዲስ ይጀምራል። በጋኑና በቆርቆሮው መሀል ያለው ስፖንጅ ደግሞ ሲቃጠል ጭሱ መርዝ ነው። ከዚያም በላይ ግፊት የሚሸከም ዕቃ ነው፤ የተበየደች ቦታ አንድ ቀን ብትለቅ ከስሩ የሚታጠብ ሰው አለ። ኤለመንቱን፣ ቴርሞስታቱን፣ ሴፍቲ ቫልቩን ፍቱና ለመለዋወጫ አስቀምጡ። ቀሪው ለቆራሌው።

ስታወርዱት ብቻችሁን አትሁኑ። ባዶው እንኳ ከ15 ኪሎ በላይ ነው። አዲሱን ስትሰቅሉ ደግሞ ግድግዳውን አስቡ፤ 50 ሊትር ውሃ 50 ኪሎ ነው፣ ከጋኑ ጋር ወደ 70 ኪሎ ይጠጋል። ባዶ ብሎኬት ላይ ወይም ጭቃ ግድግዳ ላይ በተራ ፊሸር አይሰቀልም። ግድግዳውን አልፎ በወዲያኛው በኩል ብረት ሳህን ይዞ የሚታሰር ረጅም ብሎን ያስፈልጋል። በጣሊያን ጊዜ የተሠሩት የፒያሳ ቤቶች ወፍራም ግድግዳ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው።

መልሶ መሙላትና ማብራት

ብዙ ኤለመንት የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። ባዶ ጋን ላይ መብራት ማብራት ባዶ ምጣድ እሳት ላይ እንደ መጣድ ነው፣ ደቂቃዎች ይበቁታል።

ሙቁን ቧንቧ ክፈቱ። መግቢያውን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። መጀመሪያ አየር እየተፋ፣ እያስነጠሰ ይመጣል። ያለ ማቋረጥ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ጋኑ ሞልቷል፤ ያኔ ሙቁን ዝጉ። ሶፍቶቹን እንደገና ጠምጥሙና ጠብቁ። ደረቅ ከሆኑ ክዳኑን ግጠሙ፣ ብሬከሩን አንሱ። ቴርሞስታቱን 60 ዲግሪ አካባቢ አድርጉት፤ እስከ ጥግ ማዞር መብራት መፍጀትና ቅርፊት ማብዛት ነው።

የውሃ ፈረቃ ያለበት ቤት ለዚህ አንድ ልማድ ያስፈልገዋል። ሙቁ ቧንቧ ሲከፈት ውሃ ካልመጣ ቦይለሩ አይበራም። ሴፍቲ ቫልቩ ወደ ኋላ መመለሱን መከልከል ካቃተው፣ መስመሩ በደረቀ ሰዓት ጋኑም አብሮ ሊደርቅ ይችላል፤ እናንተ ግን ከውጪ ስታዩት ያው የድሮው ቦይለር ነው። ውሃ ከቀናት በኋላ ሲመለስም መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ ክፈቱና ድፍርሱ ይሂድ።

ስለ ሽቦው አንድ ነገር ብቻ ልበልና ልተወው። 1,500 ዋት ቦይለር ወደ 7 አምፔር ይስባል። በቀጭን ማራዘሚያ ከፍሪጅ ጋር አብሮ አይሰካም። ለብቻው ከብሬከር የመጣ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ፣ የሚሠራ ኤርዝ፣ አቅም ካለ ደግሞ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጠው ዓይነት ብሬከር ይኑረው። እሱ ሰው ሲነዘር ወዲያው የሚያቋርጠው ነው።

ሴፍቲ ቫልቩን በወር አንዴ እጀታዋን አንስቶ ማስተንፈስ ጥሩ ነው። ውስጡን ማጠብ ደግሞ እኔ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስቀል በኋላ ነው የማደርገው፤ የአንገረብ ወንዝ ውሃ በክረምት ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም።

ወደዚያች ማታ ልመለስ። ጋሼ ጎሚኒዋን ከጋቢያቸው ስር ካለ ኪስ አወጡ። ሁልጊዜ ይዘው ይዞራሉ መሰለኝ። ቀየሩ፣ ሞሉ፣ በሁሉም መጋጠሚያ ላይ ሶፍት ጠመጠሙ። እኔ ወደ ብሬከሩ ልሄድ ስል «ቁጭ በል» አሉኝ። «ሶፍቱ ያድራል። ጠዋት ደረቅ ከሆነ ታበራለህ።»

«ጋሼ፣ እንግዶቹስ?»

«እንግዶቹ ክርስትና የተነሱት በሙቅ ውሃ ነው እንዴ?»

የቀሩት አራት ሰዎች በጥር ብርድ በጀሪካን ውሃ ታጠቡ፤ ጩኸታቸው ሰፈሩን ቀሰቀሰ። ጋሼ ሳሎን ቁጭ ብለው ጠላ እየጠጡ ይስቁ ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሶፍቶቹን አንድ በአንድ ዳሰስኳቸው። ደረቅ ነበሩ።